ቢዲ ሜሰን፦ በአዋላጅነት ደመወዝ መሬት የገዛች ሴት



በመጽሔታችን ውስጥ የሕይወት ታሪክ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምንመርጠው መድኃኒት ያገኘ፣ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ያሻሻለ ወይም ሆስፒታል ያቋቋመ ሰው ነው። እኔ ለዘንድሮው የመረጥኳት ሴት ከእነዚህ አንዱንም አላደረገችም። ማንበብና መጻፍ እንኳ አትችልም ነበር። ሆኖም በሙያዋ የእኛው ወገን ናት፤ አዋላጅና አስታማሚ ነበረች። በሎስ አንጀለስ ከተማ ታሪክ ውስጥ ስሟ ከሚነሣ ሰዎች መካከል አንዷ ናት፤ መሐል ከተማው ላይ በስሟ የተሰየመ መናፈሻ አላት። ስሟ ቢዲ ሜሰን ይባላል።

ለምን እሷን መረጥኩ? ተሰብስበን ስንጫወት የምናወራውን ታውቁታላችሁ። ከልጆች ትምህርት ቀጥሎ ወሬያችን ቤት ነው። ማን የት ቦታ ገዛ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት ደረሰ፣ ባንክ በስንት ወለድ ያበድራል፣ ግንባታው መቼ ያልቃል። በመጨረሻ ሁሌም አንድ ጥያቄ ላይ እንደርሳለን፦ በደመወዝ የሚኖር ሰው ከየት ይጀምራል? ገንዘቡንስ ከየት ያመጣል? የቢዲ ሜሰን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የተኖረ መልስ ነው ብዬ አስባለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባርነት እስከ ፍርድ ቤት

ቢዲ በ1818 በአሜሪካ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ሙሉ ስሟ ብሪጅት ነው። ፊደል እንድትቆጥር የፈቀደላት አልነበረም፤ ከትልልቅ ሴቶች ግን ሌላ ትምህርት ቀሰመች። ሥራ ሥርና ቅጠላ ቅጠል መለየት፣ ሕመምተኛ ማስታመም፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት መርዳት ቻለች። ይህ እውቀት ብቻውን የእሷ ንብረት ነበር። የቀረው ሁሉ፣ ጉልበቷም ልጆቿም፣ በሕግ የጌታዋ ነበር።

የኋለኛው ጌታዋ ሮበርት ስሚዝ የሚባል የሚሲሲፒ ገበሬ ነበር። ስሚዝ የሞርሞን እምነት ተቀብሎ በ1848 ከቤተሰቡና በባርነት ከያዛቸው ሰዎች ጋር ወደ ዩታ ተጓዘ። መንገዱ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቢዲ ያን ሁሉ በእግሯ ከጋሪዎቹ ኋላ ከብት እየነዳች ሄደች። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ኤለን፣ አን እና ገና ጡት ያልተወችው ሃሪየት። በመንገድ ላይ የሚወልዱትንም የምታዋልደው እሷ ነበረች።

በ1851 ስሚዝ ሁሉንም ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ተሻገረ። ካሊፎርኒያ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ባርነትን በሕገ መንግሥቷ ከልክላ ወደ ኅብረቱ ገብታለች። በወረቀት ላይ ቢዲ እዚያ በረገጠችበት ቀን ነጻ መሆን ነበረባት። ወረቀቱን የሚያነብላት ስለሌለ ግን ለተጨማሪ ዓመታት ያለ ደመወዝ ስታገለግል ኖረች።

በ1855 መጨረሻ ስሚዝ ባርነት ወደሚፈቀድባት ቴክሳስ ሊወስዳቸው ተነሣ። እዚያም ነጻ ትሆናላችሁ እያለ ያባብላቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮበርት ኦውንስ የሚባል ነጻ ጥቁር ነጋዴ ነበር፤ በረት ያለው፣ ፈረስና በቅሎ የሚነግድ ሰው። ልጁ ቻርልስ ከቢዲ ልጅ ከኤለን ጋር ይፈላለጉ ነበር። ኦውንስ ለባለሥልጣናቱ ነገራቸው፤ ከፖሊስ ሹሙ ጋር ሆኖ በተራራ ሸለቆ ውስጥ የሰፈሩትን ሰዎች አስለቀቃቸው። ነገሩም ዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ፊት ቀረበ።

የካሊፎርኒያ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ምስክርነት እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ዳኛው ቢዲን በችሎት ሳይሆን በቢሯቸው አነጋገሯት። በጥር 1856 ቢዲና ሃና የምትባለው ሌላዋ እናት፣ ከነልጆቻቸው በድምሩ 14 ሰዎች፣ ነጻ መሆናቸው ተፈረደ። ቢዲ ያኔ 37 ዓመቷ ነበር። ሜሰን የሚለውን የቤተሰብ ስም የያዘችውም ከነጻነት በኋላ ነው።

ሁለት ዶላር ከሃምሳ

እስቲ የዚያን ቀን ሒሳቧን እናስላ። ዕድሜ 37፣ ልጆች ሦስት፣ ጥሪት ዜሮ፣ ማንበብ የለም፣ ቤት የለም። ያላት ሁለት ነገር ነው፦ እጇ ላይ ያለው ሙያ እና ያስጠጋት የኦውንስ ቤተሰብ። ኤለንና ቻርልስ ኋላ ተጋቡ፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም አንድ ሆኑ።

ሥራ የሰጣት ዶክተር ጆን ግሪፈን ነበር። ግሪፈን በ1840ዎቹ ከአሜሪካ ጦር ጋር የመጣ የጦር ሐኪም ሲሆን በከተማው ከታወቁት ሐኪሞች አንዱ ነበር። በፖለቲካ አቋሙ የደቡቦች ደጋፊ ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣም ልቡ ከእነሱ ጋር ነበር። ይሁንና ጎበዝ ባለሙያ ሲያይ ያውቃል። ቢዲን በቀን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቀጠራት። ይህ ለዚያ ዘመን፣ ለዚያውም ለጥቁር ሴት፣ ጥሩ ክፍያ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሀብታም ቤትም በደሃ ቤትም እየገባች አዋለደች። በ1862 እና 1863 ፈንጣጣ ከተማዋን ሲመታ ሌላው ሲሸሽ እሷ በሽተኞቹ አልጋ አጠገብ ነበረች። ወረርሽኝ ላይ የሠራችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም። በወህኒ ቤት የታመሙ እስረኞችንም ትጠይቅና ታክም ነበር። ስፓኒሽ አቀላጥፋ ስለተማረች በሁሉም ሰፈር ትገባለች። ሰዉ አክስት ሜሰን፣ ኋላም አያት ሜሰን ይላት ጀመር።

ይህ ለታሪካችን ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አዋላጅ ሴት ከተማውን ከማንም በላይ ታውቃለች። ማን መሬት ሊሸጥ እንዳሰበ፣ የትኛው ሰፈር ሰው እየጨመረ እንደሆነ፣ ማን ዕዳ እንደያዘው በየቤቱ ትሰማለች። ሁለተኛ፣ አሠሪዋ ግሪፈን ራሱ ከወንዙ ማዶ ሰፊ መሬት ገዝቶ ኋላ እየሸነሸነ የሸጠ ሰው ነው፤ ያ መሬት ዛሬ ሊንከን ሃይትስ የሚባለው ሰፈር ነው። ቢዲ የመሬትን ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም።

የመጀመሪያው ግዢ

በኅዳር 1866 ቢዲ ሜሰን በስፕሪንግ እና ዛሬ ብሮድዌይ በሚባለው መንገድ መካከል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ጎዳናዎች መሐል ሁለት ቦታ በ250 ዶላር ገዛች። በከተማው መሬት በስማቸው ካስመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆነች። ውል የምትፈርመው የመስቀል ምልክት በማድረግ ነበር፤ ስሟን መጻፍ አትችልማ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥሩን እንየው። 250 ዶላር በቀን 2.50 ለሚከፈለው ሰው የ100 ቀን ሙሉ ደመወዝ ነው። እሷ ግን ይህን ለማጠራቀም አሥር ዓመት ፈጀባት። በዓመት ሲካፈል 25 ዶላር፣ ማለትም የአሥር ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። ሦስት ልጅ ለምታሳድግ፣ ከዜሮ ለጀመረች ሴት ሒሳቡ እንዲህ ነበር። ደመወዛችን አይበቃም ብለን ለምንማረር ሁሉ የቁጠባው ፍጥነት ምን ያህል ዝግ ሊል እንደሚችል፣ ዝግ ብሎም እንደሚደርስ ያሳያል።

ቦታውስ? ያኔ ከከተማው ዳር ነበር። አትክልት የሚበቅልበት፣ የውሃ ቦይ የሚያልፍበት ስፍራ ነው። ብዙ ሰው መሐል አደባባዩ አጠገብ ካልሆነ አይገዛም ነበር፤ ዋጋው የቀነሰውም ለዚህ ነው። ቢዲ ወዲያው ትልቅ ቤት ለመሥራት አልተጣደፈችም። ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ሠርታ አከራየች፤ ራሷ ለብዙ ዓመታት ሌላ ቦታ ተከራይታ ኖረች። ይህ ለእኛ ለሐበሾች ግራ የሚያጋባ ነው። እኛ መጀመሪያ የምንኖርበትን ነው የምንፈልገው፤ እሷ ግን መሬቱ መጀመሪያ ገንዘብ እንዲያመጣ አደረገች። በሁለት ዓመት ውስጥ በኦሊቭ ጎዳና ላይ ሌሎች ቦታዎች ከ400 ዶላር ባነሰ ዋጋ ጨመረች። የነርስነትና የአዋላጅነት ሥራዋን ግን አልተወችም።

በዙሪያዋ የነበሩት

የቢዲን አካሄድ ለመረዳት በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ሌሎች በመሬት ላይ የደረሰባቸውን ማየት ያስፈልጋል። በአካባቢው ከእሷ እጅግ የሚበልጥ መሬት የነበራቸው፣ በስፓኝና በሜክሲኮ ዘመን ሰፋፊ ርስት ያገኙ ባላባቶች ነበሩ። ሀብታቸው መሬትና ከብት እንጂ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ግብር ሲመጣ፣ ጠበቃ መክፈል ሲያስፈልግ፣ ሠርግ ሲደገስ መሬታቸውን አስይዘው ይበደሩ ነበር። ወለዱ በዓመት ሳይሆን በወር ይቆጠራል፤ በወር 2 ወይም 3 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ በ1862 እና 1864 መካከል ድርቅ መጣ፤ ከብቱ አለቀ።

ከእነዚህ አንዱ ሁሊዮ ቨርዱጎ ነው። በ1861 የሳን ራፋኤል ርስቱን አስይዞ 3,445 ዶላር ያህል በወር 3 በመቶ ወለድ ተበደረ። በስምንት ዓመት ውስጥ ዕዳው ከ58,000 ዶላር በላይ ሆነ፤ ርስቱም ከእጁ ወጣ። ተባዥ ወለድ እንደ ባክቴሪያ ነው የሚራባው፤ መጀመሪያ ላይ አይታይም፣ ከታየ በኋላ ደግሞ አይያዝም። ቁጥሩን በካልኩሌተር ሞክሩት፤ በወር 3 በመቶ በስምንት ዓመት 17 እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ፒዮ ፒኮ ነው። ፒኮ በሜክሲኮ ዘመን የካሊፎርኒያ የመጨረሻው አስተዳዳሪ የነበረ፣ በከተማው ታላቅ ሆቴል ያሠራ ሰው ነው። ቢዲ ከወዳጆቹ አንዷ ነበረች፤ በማዕዱም ትቀርብ ነበር። በ1883 ፒኮ 62,000 ዶላር ያህል ለመበደር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ ፈረመ። እሱ የመያዣ ውል ነው ብሎ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የሽያጭ ውል ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት ተሟግቶ ተረታ። በ1894 ሲሞት ምንም አልነበረውም።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የእንግሊዝኛ ውል ማንበብ አይችሉም። አገር ያስተዳደረው መሬቱን አጣ፤ በባርነት የተወለደችው አላጣችም። ልዩነቱን በዕድል ብቻ ማስረዳት ይከብደኛል። ቢዲ ነጻነቷን ያገኘችው በሕግ ወረቀት ነው፤ ለዓመታት ያጣችውም ወረቀቱን የሚያነብላት ስላልነበረ ነው። ከ1856 በኋላ ግን በዙሪያዋ የሚያነቡ፣ በንግድ የሠለጠኑ፣ ጥቅማቸው ከእሷ ጥቅም ጋር የተሳሰረ ሰዎች ነበሯት፤ የኦውንስ ቤተሰብ።

ቆርሶ መሸጥ

ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ክፍል ስለ ገንዘብ ምንጭ ለሚያስብ ሰው ዋናው ነው። በ1876 የባቡር ሐዲድ ሎስ አንጀለስን ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር አገናኘ። በ1860 ወደ 4,400 የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1890 ከ50,000 አለፈ። ዳር የነበረው የቢዲ ቦታ መሐል ሆነ፤ ንግዱ በስፕሪንግ ጎዳና ወደ እሷ መጣ።

በ1884 ከስፕሪንግ ጎዳና ቦታዋ አንዱን ክፍል ብቻ በ1,500 ዶላር ሸጠች። መላውን ቦታ የገዛችው በ250 ዶላር መሆኑን አስታውሱ። በቀረው ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አሠራች። ምድር ቤቱን ለንግድ አከራየች፣ እሷ ከላይ መኖር ጀመረች። ቦታውን ከገዛች 18 ዓመት ሆኗት፣ በ66 ዓመቷ ማለት ነው። የኦሊቭ ጎዳናውን ይዞታ ደግሞ በ2,800 ዶላር ሸጠች።

እዚህ ላይ የሚታየው ስልት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ የመጣው ከሙያ ነው። ሁለተኛው ከኪራይ ነው። ሦስተኛው፣ ትልቁ፣ ራሱ መሬቱ ካመጣው ጭማሪ ነው፤ ቆርሳ ሸጣ በቀረው ላይ ገነባች። ጊዜውም መልካም ነበር። በ1887 የመሬት ግርግር በደቡብ ካሊፎርኒያ ጣሪያ ነካ፤ ሰዉ በጥቂት ቅድመ ክፍያ ቦታ እየያዘ በማግስቱ ለሌላ ያስተላልፍ ነበር። በ1888 ገበያው ሲወድቅ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ቢዲ ግርግሩ ጫፍ እስኪደርስ ብትጠብቅ ኖሮ ምናልባት ብዙ እጥፍ ትሸጥ ነበር። ገበያው ሲወድቅ ግን እሷ ኪራይ የሚያስገባ ሕንፃ ነበራት፤ ቤቷም እስከ ዕለተ ሞቷ በእጇ ቆየ። በ1885 ደግሞ የይዞታዋን አንድ ክፍል በአሥር ዶላር የስም ዋጋ ለልጅ ልጆቿ አዛወረች። በሕይወት እያለች ማውረስ ማለት ይህ ነው። ስንቶቻችን ነን ይህን ነገር በይደር የምናቆየው?

እጅ ዘርጋ

ስለ ሀብቷ መጠን ወደ 300,000 ዶላር ይደርስ ነበር ተብሎ ይነገራል። የሎስ አንጀለስ ሰዎች ግን የሚያስታውሷት በዚህ ብቻ አይደለም። በ1872 የከተማው የመጀመሪያው የአፍሪካዊ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተመሠረተው በእሷ ቤት ነው፤ ግብሩንና የአገልጋዩን ወጪ ትችል ነበር። በ1880ዎቹ ጎርፍ ሰዎችን ቤት አልባ ሲያደርግ በአራተኛውና በስፕሪንግ ጎዳና ጥግ ባለው ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሒሳብ ከፈተች፤ የተጎዳ ሁሉ፣ ጥቁርም ነጭም፣ የሚያስፈልገውን እየወሰደ እሷ ትከፍል ነበር። በር ላይዋ ችግረኛ ይሰለፍ ነበር ይባላል።

በጥር 1891 በ72 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው ቦይል ሃይትስ ባለው ኤቨርግሪን መካነ መቃብር ነው፤ መቃብሯ ላይ ግን ስሟን የያዘ ድንጋይ አልነበረም። መሬት በስሟ ለማስመዝገብ ያን ያህል የደከመች ሴት ለ97 ዓመት ስሟ ባልተጻፈበት አፈር ውስጥ ተኛች። በ1988 የከተማው ከንቲባ ቶም ብራድሊ በተገኙበት ሐውልት ቆመላት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቤቷ በነበረበት ቦታ ሕይወቷን ከዓመት ዓመት የሚተርክ 25 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግድግዳ ተመረቀ። የልጅ ልጇ ሮበርት ኦውንስ በበኩሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከከተማው እጅግ ባለጸጋ ጥቁሮች አንዱ ሆኖ ነበር፤ የእሱም ሥራ መሬትና ሕንፃ ነው።

ለእኛ

የእኛ ሁኔታ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በከተማ የምናገኘው በሊዝ ነው። ቢዲ እንዳደረገችው ዳር ላይ ባዶ ቦታ ገዝቶ 18 ዓመት መጠበቅ ሕጉም አይፈቅድም። የዋጋ ንረቱም የሚጠራቀምን ገንዘብ ይበላል፤ አሥር ዓመት ጥሬ ብር ይዞ መቆየት ለእኛ አያዋጣም። ስለዚህ ስልቷን እንዳለ ገልብጡ አልልም።

ሆኖም አንዳንድ ነገሯ ድንበርም ዘመንም አይዘውም። ሙያዋን ሳትተው ነው ባለ ሀብት የሆነችው፤ ሕመምተኞቿ ለመሬቱ ሲባል አልተጣሉም። ወለዱ የሚቆጠረው በወር ይሁን በዓመት ሳያጣሩ የፈረሙ ባላባቶች ሲወድቁ እሷ ቆመች። ማንበብ ባትችልም ውሏን የሚያነብላት የምታምነው ሰው ነበራት። እኛ ግን የታካሚን የላቦራቶሪ ውጤት ሦስት ጊዜ እያገላበጥን፣ ለቤት ግዢ ሃያ ገጽ ውል ሲሰጠን የመጨረሻውን ገጽ ገልጠን የምንፈርም ስንት ነን? በማኅበራችን ውስጥ የሕግ ምሩቆች፣ የምጣኔ ሀብት መምህራን፣ መሐንዲሶች አሉ። ቢዲ የኦውንስን ቤተሰብ ለማግኘት ዕጣ ፈንታ ረድቷታል፤ የእኛ ሰዎች ግን በዚሁ መጽሔት መጨረሻ ገጾች ላይ ስማቸውና የጨረሱበት ዓመት ተዘርዝሯል። ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉላቸው።

በሎስ አንጀለስ የምትኖሩ የትምህርት ቤታችን ልጆች ደግሞ፣ ከፌርፋክስ ትንሿ ኢትዮጵያ እስከ ስፕሪንግ ጎዳና በመኪና ብዙም አይርቅም። ለቡና ስትሰበሰቡ አንድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግድግዳውን ብታሳዩአቸው ደስ ይለኛል። አዋላጅ የነበረች መሆኗንም አትርሱ፣ ንገሯቸው።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።